ከኋላ የሚያይ አንቀልባ

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

አልሰማሁም። በሩ አጠገብ ያላችሁት ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጀርባችሁን ለበሩ የሰጣችሁ ዞር በሉና ግድግዳውን ተደገፉ። ለምን እንደሆነ ስጨርስ ታውቁታላችሁ።

በድሮ ዘመን ሾላ አፋፍ የምትባል አንዲት መንደር ነበረች። በመንደሯና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ጥልቅ ገደል አለ። በገደሉ ወገብ ላይ አንድ ሰው ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ ትዞራለች። በላይ ጫካ ነው፤ በታች ባዶ ነው። በዚያ ጫካ ውስጥ ደግሞ አንድ ነብር ይኖር ነበር።

የመንደሩ ሰው ነብር ብሎ አይጠራውም። ስሙን ከጠሩት የሚመጣ ይመስላቸዋል። «የኋላው» ነው የሚሉት። ለምን ብትሉ፣ ፊት ለፊት መጥቶ አያውቅም። ሰው ተከታትሎ ሲሄድ ኮቴውን አጥፍቶ ይከተላል። ከዚያም የመጨረሻውን ይወስዳል። የመጨረሻውን ብቻ። ከፊት ያለው ሰው ዞር ሲል ከኋላው ማንም የለም። ጩኸት የለም፤ ደም የለም። አንድ ዱላ ወይም አንድ ነጠላ መንገዱ ላይ ወድቆ ይገኛል፤ በቃ።

መጀመሪያ ፍየል ወሰደ። ከዚያም ውሻ ወሰደ። ከዚያም አባ ጓሉ የሚባሉትን ሽማግሌ ወሰደ። ከዚያም የእማ ይርገዱን ልጅ አበጀሽን ወሰደ። ለሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቷት ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን የመንደሩ ሰው ምን አደረገ? ተደበቀ። እነሱ ዱሮም ቢሆን ዓይን ይፈራሉ። ያማረ ነገር ዓይን ይስባል ይላሉ። ልጅ ሲወለድ ግንባሩን ጥላሸት ይቀቡታል። ቆንጆ ስሙን በጆሮው ብቻ ይነግሩትና በሰው ፊት ጉድፍ፣ ጥራጊ፣ አመድ እያሉ ይጠሩታል። የኋላው ሲመጣም ያንኑ ዘዴ ያዙ። ባለ ጥለቱን ነጠላ ጭቃ ውስጥ ነከሩት። ዶቃውን ቀበሩት። አፈር ለብሰው፣ አፈር መስለው መሄድ ጀመሩ። የኋላው ግን ቀለም ፈልጎ አይደለም የሚመጣው። በጠረን ነው የሚመጣ። በኮቴ ነው የሚመጣ። አፈር የለበሰችውንም የመጨረሻዋን ወሰዳት።

እንግዲህ በዚያች መንደር ትርንጎ የምትባል ልጅ እግር አራስ ነበረች። የእማ ይርገዱ ምራት ናት። ባሏ ጨው ሊያመጣ ከነጋዴዎች ጋር ወጥቶ ገና አልተመለሰም። እሷ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷንም ጥራጊ አሏት።

ጥራጊን ስቅታ አይለቃትም ነበር። ወተት ሲያንቃት ስቅ፣ ሲበርዳት ስቅ። ስቅ ባለች ቁጥር ደግሞ ሁለት እግሯ አብሮ ይወራጫል። እማ ይርገዱ ከቀሚሳቸው ጫፍ ክር ይመዙና በምራቃቸው አርሰው ግንባሯ ላይ ይለጥፉላታል።

፦ የምታድግበት ነው። ምን ያስጨንቅሻል?

፦ እማ፣ እዚያ መንገድ ላይ ሆነን ስቅ ካላትሳ? ድምፁን ከሰማውሳ?

እማ ይርገዱ ክሩን አስተካከሉ።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የጥራጊ ሰማንያ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ንግሥ ጋር ገጠመ። በንግሡ ቀን መንደሩ በሙሉ ይሄዳል። ታዲያ ማን መጨረሻ ይሁን? ሰው ሁሉ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ትርንጎም ልጇን ታቅፋ ዳር ላይ ቆመች።

፦ እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ መሀል ነው የምሆን፤ አለ አያ ቢሻው።

፦ ጉልበትህን ካመመህማ ከኋላ መቅረትህ ነው፤ ቆሞ የሚጠብቅህ ማን አለ? አለችው ሚስቱ።

፦ ሰማችሁልኝ? የገዛ ባሏን ለነብር ስታቀርብ!

፦ ስሙን አትጥራ!

ሁሉም አንገቱን መልሶ ወደ ኋላው አየ። ምንም አልነበረም። አንዲት ፍየል ብቻ ቅጠል ትቆረጥማለች።

የመንደሩ አለቃ ጭቃ ሹሙ ቆባቸውን አወለቁና ጭራሮ ቆራርጠው ከተቱበት።

፦ አጭሩን የመዘዘ እሱ መጨረሻ ነው። ሌላው እንደፈለገ ይሰለፍ።

ቆቡ ዞረ። ሰው እየመዘዘ፣ ጭራሮውን እያየ «እፎይ» አለ። ትርንጎ ጋ ሲደርስ ጥቂት ነበር የቀረው። እጇን ሰደደች። የመዘዘችው ጭራሮ ከጥፍሯ አይበልጥም።

ማንም ፊቷን አላየም። ሁሉም መሬት መሬት አየ።

፦ እኔ በሷ ቦታ ልሁን፤ አሉ እማ ይርገዱ።

፦ አይሆንም እማ ይርገዱ። ዕጣ ከተለወጠ ነገ ማን ዕጣ ያከብራል? አሉ ጭቃ ሹሙ።

ትርንጎ ቀስ ብላ አሰበችው። ቀርቼ ቤቴን ዘግቼ ብቀመጥስ? አለች በልቧ። ግን ሁሉም ከሄደ መንደሩ ባዶ ነው። ብቻዋን የቀረች ሴት እሷው የመጨረሻዋ ናት።

ንግሡ ሦስት ቀን ቀረው።

በነጋታው ትርንጎ ልጇን እያጠባች ምሰሶውን ታይ ነበር። ምሰሶው ላይ አንዲት የእንጨት ቅራፊ ተለጥፋለች። ቀይዋ ዶሮ እያንጎራጎረች ገባች። ወዲያ ጫረች፣ ወዲህ ጫረች። ከዚያም ዝቅ ብሎ የተለጠፈውን ቅራፊ አየችው። ራሷን አዘነበለች። ጠጋች። አንገቷን መዘዘችና ልትለቅመው አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ ቅራፊው ተከፈተ።

ከግራጫው ሥር ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ወጡ። ዳራቸው ቀይ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ መሀላቸው ጥቁር። ከዶሮዋ ራስ ይበልጣሉ። ዶሮዋ ጮኸች፤ ወደ ኋላ ዘላ በውኃ ቅሉ ላይ ወደቀች፤ ተነስታ ከቤት ሮጠች። ትርንጎ ራሷ ደንግጣ ጡቷ ከልጅቷ አፍ ወጣ።

የእሳት ራት ነበረች።

፦ ምን አደረግሻት? አለች ትርንጎ ለራሷ ያህል።

፦ አየኋታ፤ አለች የእሳት ራቷ። በማያይ ዓይን አየኋት።

ትርንጎ ልጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

፦ ትናገሪያለሽ እንዴ?

፦ እኛ ትንንሾቹስ ሁልጊዜ እንናገራለን። የምትሰማን አራስ ብቻ ናት። ልጅሽን የክርስትናው ውኃ እስኪነካት ነው። ከዚያ በኋላ ጆሮሽ እንደ ሰው ሁሉ ይሆናል።

፦ እንግዲያው ንገሪኝ። እኔን የሚከተለኝ ዶሮ አይደለም።

፦ አውቃለሁ። እኛ ጫካ ነው የሚኖር። ስሚኝ፤ አንዲት ዘመድ አለችኝ፤ ቀይና ጥቁር ናት። ቅጠሉ ላይ በጠራራ ፀሐይ ትቀመጣለች፤ ማንም አይነካትም። እሷ ሬት ናት። አንዴ የቀመሳት ወፍ ቀይ ነገር ባየ ቁጥር ያስመልሰዋል። እኔ ግን አልመርርም። እኔ ጣፋጭ ነኝ። ያለኝ ማስደንገጥ ብቻ ነው። አንቺም ጣፋጭ ነሽ። ልጅሽማ ወተት ናት።

ትርንጎ የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፈነች።

፦ የኛ ሰው ይደበቃል። አልሆነለትም።

፦ መደበቅ ጥሩ ነው፤ እኔም እደበቃለሁ። እስኪያገኙኝ ድረስ። ካገኙኝ በኋላ ብደበቅ ምን ይረባኛል? ያን ጊዜ እከፍታለሁ። ግን ቀድመሽ እንዳትከፍቺው። ከሩቅ ካየው ያጤነዋል። ካጤነው ደግሞ ጨርቅ መሆኑን ያውቃል። ትንፋሹ አንገትሽን እስኪነካ ጠብቂ።

፦ አንገቴን እስኪነካ?

፦ እስኪነካ። ፊትሽንም እንዳታዞሪ። ያንቺ ዓይን የፈራ ዓይን ነው። የፈራ ዓይን ካየ ሌላውን አያምነውም።

፦ እሺ፣ ካልደነገጠስ?

የእሳት ራቷ ክንፏን አጠፈች። ተመልሳ ቅራፊ ሆነች።

፦ ለእህቴ እንሽላሊት አልደነገጠላትም፤ አለች።

ትርንጎ አንቀልባውን አወረደች። ደረቅ ቆዳ ነው፤ ጌጥ የለበትም። ቀይ ክር ከየት ይምጣ? ቢጫውስ? በመንደሩ ሁሉ ያለው አፈር ነው። ከዚያም ልጇን አስተኝታ ወደ ጓዳ ገባች። ከጎታው ሥር ተንበርክካ መሬቱን በቢላ መጫር ጀመረች።

፦ ማን ነገረሽ?

እማ ይርገዱ በሩ ላይ ቆመዋል።

፦ ማንም አልነገረኝ፣ እማ። ሲያለቅሱ ሁልጊዜ ወደዚህ ጥግ ነው የሚያዩት።

እማ ይርገዱ ግድግዳውን ያዙ። ከመሬቱ ውስጥ አንዲት ገንቦ ብቅ አለች። ውስጧ የአበጀሽ የሠርግ ጌጥ ነው። ዛጎል አለ። ጥቁር ጨሌ አለ። ቀይና ቢጫ ክር ተጠቅልሎ አለ።

፦ ተይው አንቺ ልጅ! ያማረ ነገር ዓይን ይስባል። የቀረችንን አንዷን ልታስበያት ነው?

፦ እማ፣ አበጀሽ ያን ቀን ምን ነበር የለበሰችው?

እማ ይርገዱ እጃቸውን ከግድግዳው አነሱ።

፦ አፈር፤ አሉ። አፈር ነው ያለበስኳት። በገዛ እጄ።

ከዚያም ሄደው ወስፌ ይዘው መጡ። አጠገቧ ቁጭ አሉ። ቆዳውን በወስፌ እየበሱ ሁለት ቀን ሰፉ። ቀዩን በክብ፣ ከሱ ውስጥ ቢጫውን፣ ዳሩን ዛጎል። ትርንጎ አንደኛውን ዓይን ሰፋች፤ እማ ይርገዱ ሌላውን ሰፉ። እሳቸው የሰፉት ዓይን ትንሽ ጠመመ። መሀሉ ላይ ጥቁሩን ጨሌ ሲያደርጉ ክሩ አለቀ። አጥብቀው ሊሰፉት አልቻሉም፤ እንደተንጠለጠለ ተዉት።

፦ ይህ ዓይን አይጨፈንም፤ አሉ እማ ይርገዱ አንቀልባውን አንስተው እያዩ። የሞተ ሰው ዓይን ይመስላል።

ትርንጎ አንቀልባውን ተቀብላ ሰቀለችው።

የንግሡ ቀን ሆነ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ መንደሩ ተነሳ። ከፊት ጭቃ ሹሙ፣ ከዚያም ወንዶቹ፣ ከዚያም ሴቶቹ ተሰለፉ። እማ ይርገዱ በፈቃዳቸው ከትርንጎ ፊት ሆኑ። ትርንጎ ልጇን አዘለች። ከላይ ጭቃ የነካውን ነጠላ ደረበች። የነጠላውን ጫፍ ደረቷ ላይ በጣቷ ብቻ ያዘችው።

ገደሉ ላይ ደረሱ። ወሬ ቆመ። አያ ቢሻው እንኳ ስለ ጉልበቱ አላነሳም።

መንገዱ ሲጋመስ ወፎቹ ዝም አሉ።

ከዚያም ከላይ አንዲት ጠጠር ተንከባለለችና ወደ ገደሉ ወደቀች። ትርንጎ መሬት ስትነካ ለመስማት ጠበቀች፤ አልሰማችም። ከዚያም ሽታ መጣ። የእርጥብ ፀጉርና የቆየ ሥጋ ሽታ። ከዚያም የእግሯ ድምፅ ተለወጠባት። አንድ እርምጃ ስትራመድ ከኋላዋ ለስለስ ያለ ነገር አብሮ ይራመዳል። ስታዘገይ ያዘገያል። ስታፈጥን ያፈጥናል።

፦ ትርንጎ።

ስሟን ያውቃል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ እንደ ዘመድ ነው። ከእሷ በቀር የሰማው የለም።

፦ ትርንጎ፣ የጣልሽው ነገር አለ። ዞር ብለሽ አንሺው።

ትርንጎ የእማ ይርገዱን ተረከዝ እያየች ተራመደች።

፦ ሽማግሌው ዱላዬ ወደቀ ብለው ዞሩልኝ። አበጀሽም ነጠላሽ ወደቀ ስላት ዞረችልኝ። ጥሩ ልጅ ነበረች።

ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች። ደም ደም አላት።

፦ የልጅሽ አንገት ታጥፏል፣ ትርንጎ። ትንፋሽ አጥሯታል። አቅኚላት እንጂ፤ ምን ዓይነት እናት ነሽ?

እዚህ ላይ እጇ ተነሳ። አዎ፣ በራሱ ተነሳ። አንገቷም ሊዞር አለ። ያን ጊዜ የልጅቷን ልብ በጀርባዋ ሰማችው። ቱክ ቱክ ይላል። ደህና ናት። እጇን መለሰችና ነጠላውን ያዘች።

ከዚያም ትንፋሹ መጣ። መጀመሪያ ተረከዟ ላይ። ከዚያ ከላይ ገደሉን ተደግፎ ቀና አለ መሰለኝ፣ ሞቃት ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ አረፈ። እርጥብ ነው። ይሸታል።

ትርንጎ ጣቷን ለቀቀች።

ነጠላው ተንሸራቶ ወደቀ። ሁለቱ ዓይኖች ድንገት ተከፈቱ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ ዳራቸው ነጭ ዛጎል። ትንፋሹ ተቋረጠ። ከኋላዋ ጥፍር ድንጋይ ሲቧጭር ሰማች።

፦ ማነሽ?

ዝም አለች። ተራመደች።

፦ ሁለት ፊት ያለው ሰው አይቼ አላውቅም። ማነሽ አንቺ?

ዝም አለች። ተራመደች። ለስላሳው ኮቴ እንደገና ጀመረ። አሁን ግን ራቅ ብሎ ነው። እያጤነ ነው።

፦ ዓይን ነው? አለ። ዓይን ከሆነ እስቲ ይጨፈን።

ትርንጎን እማ ይርገዱ የሞተ ሰው ዓይን ይመስላል ያሉት ትዝ አላት። ኮቴው ቀረበ። አንድ እርምጃ። ሌላ እርምጃ።

፦ አይጨፈንም፤ አለ የኋላው። ሣቀ። ጨርቅ ነው።

ያን ጊዜ ጥራጊ ስቅ አለች።

ትርንጎ በቃ አለቀልን አለች በልቧ። ለሰማንያ ቀን የፈራችው ይህንኑ ድምፅ ነበር። ልጅቷ ግን ስቅ ስትል ሁለት እግሯ አብሮ ተወራጨ። ቆዳው ታጠፈ። ዓይኖቹ ተጨፈኑ። ከዚያም ቆዳው ተዘረጋ፤ ዓይኖቹ ተከፈቱ። የተንጠለጠለው ጥቁር ጨሌ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ቆመ።

ስቅ። ዓይኖቹ እንደገና ተጨፈኑና ተከፈቱ።

የኋላው አንዴ ብቻ እንደ ድመት ጮኸ። ድንጋይ ተናደ። ቅርንጫፍ ተሰበረ። ሽታው ሄደ። ትርንጎ ግን አልዞረችም። ስቅ ስቅ የምትለውን ልጇን አዝላ፣ የአማቷን ተረከዝ እያየች ሄደች፤ ሄደች፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ስትደርስ ተዝለፍልፋ ቁጭ አለች።

፦ መጥቶ ነበር? አሉ እማ ይርገዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

፦ መጥቶ ነበር፣ እማ።

፦ የት ድረስ?

ትርንጎ ማጅራቷን ዳሰሰችና እጇን አሳየቻቸው። ርሷል።

ቄሱ ልጅቷን ተቀበሉ።

፦ ስሟን ማን አላችኋት?

፦ ጥራጊ፤ አለ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ።

፦ ፀዳለ! አሉ እማ ይርገዱ። ጮኸው ነው ያሉት። ፀዳለ ናት! ያየ ይያት!

ውኃው ልጅቷን ነካት። ስቅታዋም ቆመ።

ወደ ቤት ሊመለሱ ሲሉ አያ ቢሻው ትርንጎ አጠገብ መጣ። ራሱን አከከ።

፦ እኔ የምልሽ፣ ያን አንቀልባሽን ለመንገዱ ብታውሺኝ?

፦ ምን አዝለህበት? አለችው ሚስቱ። ጉልበትህን?

ሰው ሣቀ። ከስንት ዘመን በኋላ ነው ሰው በዚያ በኩል የሣቀው። ትርንጎም ዳግመኛ መጨረሻ ሆና ሄደች። ያን ቀን የኋላው አልመጣም።

ቤቷ ስትደርስ ወደ ምሰሶው ሮጠች፤ ልታመሰግናት ነው። ምሰሶው ባዶ ነበር። ዝቅ ብላ ብታይ መሬት ላይ ሁለት ክንፎች ወድቀዋል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ዓይኖቹ ወደ ላይ ያያሉ። ቀይዋ ዶሮ አጠገባቸው ቆማ አፏን መሬት ላይ ትጠርጋለች። አሁን ዓይኖቹን አትፈራቸውም። ሁለተኛ ጊዜዋ ነዋ።

ትርንጎ ክንፎቹን አንስታ በመዳፏ ያዘች። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያም አንቀልባውን አወረደችና ወስፌውን አምጥታ የሰፋችውን መፍታት ጀመረች።

፦ ምን ሆነሻል? ያዳነንን ታፈርሻለሽ? አሉ እማ ይርገዱ።

፦ አይቶታል፣ እማ። አሁን ተኝቶ እያሰበበት ነው። በሚቀጥለው ሌላ ማየት አለበት።

በነጋታው የመንደሩ ሴቶች ሁሉ የቀበሩትን ቆፈሩ። ዛጎሉን አወጡ። ጨሌውን አወጡ። እያንዳንዷ እንደ መሰላት ሰፋች። አንዷ ሦስት ዓይን አደረገች። አንዷ ጥርስ ሰፋች። ልጅ በተወለደ ቁጥር ደግሞ አዲስ ዓይነት ይሰፋል። ከዚያ ወዲህ ነው የአንዷ አንቀልባ ከሌላዋ የማይመሳሰለው። የኋላው አይቶ እንዳይለምደው ነው።

እሱማ አልሞተም። ማን ገደለው? አሁንም ከኋላ ይሄዳል። እያየ፣ እያጤነ፣ ያየውን እየቆጠረ ይሄዳል።

በሉ እንግዲህ፣ መሽቷል፤ ወደየቤታችሁ። ተከታትላችሁ ሂዱ። ስማችሁን የጠራ ቢኖር አትዙሩ። እኔ ተረቴን አሳድሬባችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ነገ ትኩስ ዳቦ ይዛችሁ ኑና አፌን አሟሹልኝ።

ቆይ ግን። ከመካከላችሁ መጨረሻ የሚወጣው ማን ነው?